ዶማ የለም

ስምን መልአክ ያወጣዋል ይላሉ፤
የኮሶኮን ግን ያወጣችው አንዲት ሴት ናት፣
በኢሌሻ መንገድ ዳር፣ ሦስት ቀብራ አራተኛውን ያቀፈች፣
እንባዋ አልቆ ተንኮል ብቻ የቀራት።

በስምንተኛው ቀን፣ ውሃ፣ ጨውና ማር ቀርቦ፣
ጎረቤት ተሰብስቦ፣
ሽማግሌው «ማን እንበለው?» ሲሏት
ወደ ልጁ አላየችም።
ወደ በሩ ዞራ፣ ውጭ ቆሞ ለሚያደምጠው፣
«ኮሶኮ!» አለች ጮክ ብላ።
ዶማ የለም ማለት ነው።
«መቆፈሪያ ከዚህ ቤት አይገኝም፤ ሂድ ወደ ሌላ ደጅ፤
የለኝም ዶማ፣ የለኝም ሌላ ልጅ።»
በዚያው ማታ የባሏን ዶማ ወንዝ ጣለችው ይባላል።
ሸጠችው የሚሉም አሉ።

እኔ አቢዮና ነኝ፤ መንገድ ላይ የተወለደች፤
እናቴ የኮላ ፍሬ በጫነ መኪና ላይ አምጣ፣
ሹፌሩ ሬዲዮኑን አጥፍቶላት።
ሥራዬ መዝገብ ቤት ነው።
ሰው ልመናውን ይነግረኛል፣ እኔ ሣጥን ውስጥ እጽፈዋለሁ፦
ማሎሞ፣ ከእንግዲህ አትሂጂ፤
ባንጆኮ፣ አብረኸኝ ተቀመጥ፤
ዱሮጃዬ፣ ቆይ እንጂ፣ ዓለምን ቅመስ።
አንዱማ ኢግቤኮዪ ነው፣ ጫካው እንኳ እምቢ ያለው።
እያንዳንዱ ስም በር ከውስጥ የሚገፋ ትከሻ ነው።

የአባት ስም ደግሞ ሙያ ይናገራል፦
አያን ብሎ ከጀመረ ከበሮ አለ በቤቱ፣
ኦዴ ካለ አዳኝ ነበር ቅድመ አያቱ፣
ኦጉን ካለ ብረት ነው፣ ወናፍና እሳቱ።
ኮሶኮ ኦጉንዴሌ።
የብረት ጌታ ቤቱ ገባ።

እንግዲህ ሳቁ፤
«ዶማ የለም» የተባለው ልጅ ቀጥቃጭ ሆነ፣
የሚቀጠቅጠውም ዶማ።
ስድሳ ዓመት ለቦዬው ማሳ፣ ለካካዎው፣ ለአገሩ ሁሉ፤
ከአንገቱ ላይ ሁለት ጭረት፣ አንዲት ነጥብ ምልክቱ፤
ለራሱ ግን አንድም አላሳደረ በቤቱ።
ጀምበር ሳትጠልቅ ይሸጣል፣ ካልተሸጠ ያውሳል፤
«እናቴን ውሸታም አላደርግም» ይላል።

ልጁ ፓስተር ሆነ። አንድ ሰኞ ቢሮዬ መጣ፦
«ከስሜ ላይ ኦጉንን ፍቂና ኦሉ በዪው፤
ጣዖት ተሸክሜ አልሰብክም።»
ሽማግሌው ከኋላው፣ ቆቡን ጉልበቱ ላይ አኑሮ፣
«ፍቂለት ልጄ፣ ቀለም ነው» አለ።
«ወናፍ ሲነፋልኝ እጁ ላይ የቀረውን የፍም ጠባሳ ግን
በምን ላጲስ ትፍቂለታለሽ?»
ፓስተሩ እጁን ኪሱ ከተተ።
እኔም ፋቅሁት። የቴምብር ከፈለ።

በሰማንያ ስድስት ዓመቱ፣
ሐርማታን ፀሐይዋን በአቧራ ባደበዘዘ ጠዋት
ሞት ተመልሶ መጣ።
ምናልባት ሽማግሌው ራሱ ከፍቶለት።
ቀባሪ ተሰበሰበ፣ ዶማ ተፈለገ፤
ከአልጋ ሥር፣ ከወናፉ ጀርባ፣ ከዶሮዎቹ ቤት፤
የለም።
ፓስተሩ ግቢውን ዞረ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ፤
ከዚያ መሀል ላይ ቆመና ሳቅ ያዘው፣ እንባው እየወረደ።
«ኮሶኮ!» አለ።
አባቱን በስሙ ሲጠራ የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ከአያንዋሌ ባልቴት አንድ ዶማ ተዋሱ፤
ሁለት ጭረት፣ አንዲት ነጥብ።
ማታ ሲመልሱላት አላጠበችውም፤
ቀይ አፈሩ እንደያዘው ለቦዬ ተከላ አቆመችው።

በሳምንቱ ሞቱን ሊያስመዘግብ መጣ።
«የአስመዝጋቢው ሙሉ ስም?» አልኩት፣ ብዕሬን ይዤ።
ውጭ አንድ ሰው ሞተር ሳይክል ሊያስነሳ ይታገላል።
ፓስተሩ እጁን ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጋው፣ ጠባሳው ወደ ላይ።
«የድሮውን» አለ።