ትቆየኝ

የወረዳው ቢሮ፣ መስኮት ቁጥር ሦስት፣
ወረፋ የያዝኩት ከጠዋቱ ሁለት።
ጸሐፊዋ ፈጣን፤ ፎርሙን ሞላች፣ ሞላች፣
የልጅ ስም ላይ ስትደርስ እስክሪብቶ አነሣች።
«ማን አልሽኝ?»
«ትቆየኝ።»
በትከሻዬ አሻግራ ከኋላዬ አየች፣
«የምትቆይሽ ማን ናት? ሰው አለሽ ወይ?» አለች።

ሰውማ ነበረኝ። በምን ቃል ልንገራት፣
ሃያ ሰው ተሰልፎ፣ ኔትወርክ ጠፍቶባት?

አጎቴ እንግዳሸት ሰዓት ሠሪ ነበር፣
ፒያሳ፣ ካንድ አሮጌ ፎቅ ደረጃ ሥር፤
እሱ ከተቀመጠ ደንበኛው ውጪ እሚቆም፣
ከዚያች ሱቅ የጠበበ እስከ ዛሬ አላየሁም።
አንድ ዓይኑ ላይ ሌንስ፣ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ፣
ብሎን እንዳይበርበት ትንፋሹን አፍኖ
ጠግኖ ሲያበቃ፣ ባለቤቱ መጥቶ
ሂሳብ ሲነገረው፣ ኪሱን ዳብሶ አጥቶ
«ጋሼ፣ ደሞዝ እስኪወጣ... እዚሁ ይቆየኝ» ሲል፣
«ይቆይህ» ይለዋል ሳይከፋው ቅንጣት ታክል።
ወረቀት ይቆርጣል፣ ስም ይጽፋል፣ በክር
ያስረዋል ከሰዓቱ፤ መሳቢያው ውስጥ ይኖር
ጀመር ማለት ነው ያ ሰው።

አለች የመቶ አለቃው ሰዓት፣
«ከምጽዋ ስመለስ» ብሎ ነው የተዋት፤
የአንዲት ተማሪ አለ፣ ማሰሪያው የተቀጠለ፤
የማን እንደሆነ ጽሑፉ የጠፋም አለ።
«ሰው ጊዜ ሲከዳው ሰዓቱን ይተዋል፤
ጊዜ ሲገኝ ደግሞ...» ይልና ይስቃል፤
ሰኞ ሰኞ ጠዋት ሁሉንም ይሞላል።

ለራሱም ይህንኑ ቃል ነበር የሚያውለው፤
«ምሳህ በረደ»፣ «ይቆየኝ»፤ «ሚስት አግባ» ስንለው፣
«ይቆየኝ»፤ ደረቱን ደግፎ ደረጃ ሲወጣ፣
«ሐኪም ዘንድ እንሂድ»፣ «ይቆየኝ፣ ክረምቱ ይውጣ።»

ክረምቱ ሳይወጣ ፎቁ ቀድሞ ፈረሰ።
መሳቢያዋን አቅፎ በሚኒባስ ቤቴ ደረሰ፤
በቆርቆሮው አጥር ላይ የኔን ስልክ ጽፎ፣
«ሰው ቢመጣ» አለኝ፣ ከሶፋው ጫፍ አርፎ።
አንዲት ሴት ደወለች፣ ያባቷን ሰዓት ወሰደች።
ሌላ ማንም የለም።
ነሐሴ፣ አንድ ሰኞ፣ ግማሹን ሞላና
ግማሹን አልሞላም። ልጄ ሆዴ ውስጥ ነበረች ገና።

ስሟ ሊወጣ ሲል ቤተ ዘመድ መከረ፤
ባሌም ከስልኩ ላይ ሲያነብ ሲያነብ አደረ፣
ኤልዳና፣ ሶሊያና... አማቴ «ማስረሻ»፣
እናቴም «ምትኬ»።
እኔ መርሻ አልፈለግሁ፣ ምትክም አልሻ።
የሱን ቃል አነሣሁ፤ ሴት ስለሆነች
‹ይ› ወልቃ ‹ት› ገባች፣ እንደ ሰዓት ጥርስ ገጠመች።

«ስም ነው እንዴ ይሄ? ትምህርት ቤት ይስቁባታል፤
‹ታክሲ ነው የምትጠብቀው› ብለው ያሾፉባታል።»
ይሣቁ። «ትቆየኝ!» ብለው በጠሯት ቁጥር ሁሉ
ዕድሜ እንደለመኑላት እነሱ መች ያውቃሉ።

ይህን ሁሉ መቼ ነገርኳት ለመስኮቷ ልጅ፣
«ሰው የለም ከኋላ፤ ስሟ ነው» ነው ያልኳት እንጅ።
ቀና ብላ አየችኝ፤ ጻፈች፤ ማኅተም መታች፤
ወረቀቱን በቀዳዳው ወደ እኔ ገፋች።
ሰኞ ነው፤ ቤት ስገባ የምሞላው ብዙ አለ፤
ልሄድ ዞር ስል፣ ድምፅዋ ከመስታወቱ ኋላ ቀስ አለ፦
«ትቆይሽ።»

ተናግራም ሳትጨርስ፣
«ቀጣይ!»