የቤት ሥራ

ሊዮን፣ ጊዮቲየር ሰፈር፣ ኅዳር ሲብት።
እኔ የትምህርት ቤቱ ወለል ወልዋይ ነኝ፤
ቁልፉ ከእኔ ጋር ያድራል።
ከንጋቱ አሥራ ሁለት ተኩል ላይ በሩን ልከፍት ስደርስ
አንድ ልጅ ቀድሞኝ ቆሟል፤
ቦርሳው ከጀርባው ይበልጣል፣
ጫማው ውስጥ ውሃ ያወራል።
«አውቶቡሱ ቶሎ ደርሶ ነው» አለኝ በፈረንሳይኛ፤
ከዚያ ፊቴን አየና በአማርኛ፦
«እትዬ፣ ለማንም እንዳትነግሪ።»

ናኦድ ነው ስሙ። የስንቅነሽ ልጅ። ስምንት ዓመቱ።
ራዲያተሩን ተደግፎ ተኛ፤
ዙሪያውን ወለወልኩ፣
የተኛበትን ብቻ ተውኩ።
ዘጠኝ ጠዋት እንዲህ አለፈ።
ዘጠኝ ጠዋት ዝም አልኩ፤
ዝምታዬን ደግነት ነው እያልኩ
ራሴን ሸነገልኩ።

መምህርቷ ኦዲል ደብተር ስትሰበስብ
የእሱ ገጽ ነጭ ነበር።
ትእዛዙ፦ «የምትኖርበትን ቤት ሳል።
በሩን፣ መስኮቱን፣ የምትተኛበትን አመልክት።»
ባዶውን ሰጣት። አልዋሸም።

በእነሱ ቋንቋ «ደቯር» ነው የሚባለው፤
ግዴታ ማለት ነው፣ ውስጡ ቤት የለበትም።
በእኛ ግን የቤት ሥራ ነው፤
ቤት ከሌለ ሥራው የት ይሠራ?
ያን ቀን መወልወያዬን ተደግፌ
በገዛ ቋንቋዬ አፈርኩ።

ነገርኳት።
በተሰባበረ ፈረንሳይኛ፣ በእጄም ጭምር።
እናትየው የሰው ሆቴል ስታጸዳ ውላ
ማታ ልጇን ይዛ በሌሊት አውቶቡስ
ከከተማ ጫፍ ጫፍ እንደምትዞር፤
ሹፌሩ ሲያወርዳቸው
ልብስ ማጠቢያው ቤት፣ የሞቀ ማሽን ሥር እንደሚቀመጡ።
አንድ አንድ አምስት ስትደውል
አርባ ደቂቃ ሙዚቃ፣
ከዚያ «ይቅርታ እመቤቴ፣ ዛሬ ቦታ የለም።»
እመቤት ይሏታል፣ ቤት የሌላትን!

ኦዲል ምንም አልተናገረችም። ኮቷን አነሳች።

በዚያው ምሽት የስፖርት አዳራሹ ተከፈተ።
የአንዱ ተማሪ አባት ፍራሽ በራሱ ተሸክሞ፣
የሌላዋ እናት የድንች ሾርባ በድስት፣
የአምስተኛ ክፍሉ ሙሴ ጋልቲዬ
ፒጃማውን በፌስታል ይዞ መጣ፤
«በተራ እናድራለን። የመጀመሪያው ሌሊት የእኔ ነው፤
ግን አንኮራፋለሁ።»
ስንቅነሽ ሳቀች። ጥርሷን ያየሁት ያኔ ነው።

ኳሱ ጥግ ተኝቶ፣ መብራቱ ደብዝዞ፣
ልጁ አንቀላፋ፣ የናቱን ጣት ይዞ፤
ዝናቡ ጣራውን ሲመታ አምሽቶ
ተስፋ ቆርጦ ሄደ፣ ቀዳዳውን አጥቶ፤
ሲባዝን የዋለ ቃሌም በዚያ ማታ
ከፍራሹ ጥግ ላይ ቁጭ ብሎ ቤት መታ።

በሳምንቱ ደብዳቤ መጣ፣ ማኅተም ያለው።
ኦዲል አነበበችልኝ፣ እኔ በልቤ ተረጎምኩት፦
«ትምህርት ቤት መኖሪያ ቤት አይደለም።»
በአንድ መስመር ሁለት ቤት፤
ለአንድ ልጅ ግን አንድም።

ስለዚህ አሥራ ሁለት ተኩል ሲሆን
ፍራሹ ይጠቀለላል፣ ድስቱ ይደበቃል፣
የጥርስ ብሩሾቹ ከኳሶቹ ጋር መረብ ውስጥ ይገባሉ፤
ማንም ያላደረበት ይመስላል።
የእግራቸውን አሻራ የማጠፋው እኔ ነኝ፣
ለዚሁም ደመወዝ ይከፈለኛል።
ለገና ደግሞ ሁለት ሳምንት ይዘጋል ይላሉ።
ስለዚያ እስካሁን ማንም አላነሳም፤
ሙሴ ጋልቲዬ ብቻ
አንገቴ ላይ ያለውን ቁልፍ ያይና ዝም ይላል።
እኔም ዝም።

ትናንት ናኦድ የዘገየውን የቤት ሥራ አስረከበ።
አዳራሹን ስሎታል፦ የሚወጡበትን ገመድ፣
ሦስት ፍራሽ፣ አንዱ ላይ አፉን የከፈተ ትልቅ ሰው፣
መስኮት የለም፣ ረስቶታል።
በሩ ላይ ደግሞ የእኔን ባልዲ፣
ጆሮና ጅራት ቀጥሎለት፣
እንደ ቤት ጠባቂ ውሻ።