ሁለት ኮማ

ቢቸና፣ ከሰዓት፣ አሥራ አንደኛ «ለ» ክፍል፣
ፀሐይ በቆርቆሮው ሽንቁር ሰሌዳዬን ስትከፍል፣
«ሁ» ብዬ ጻፍሁ፤ ከጎኑ «ዊች»ን አስከትዬ፤
የቀረችኝን ጠመኔ በሁለት ጣት አንጠልጥዬ።

«በእኛ አፍ ሰው መጨረሻ ነው የሚመጣ፤
ሥራው ይቀድመዋል፣ እሱ ኋላ ሊወጣ።
ከደጀን ጤፍ የጫነው፣ ጎማው የፈነዳበት፣
ዓባይ በረሃ ያደረው፣ ረዳቱ የጠፋበት፣
እንላለን፣ እንላለን… ሰሚው አንገቱን አስግጎ፣
‹ማን?› እንዳይል ጨንቆት፣ ትንፋሹን በጉንጩ አድርጎ፣
ሾፌር ስንል ነው እፎይ የሚለው።
እንግሊዝ ግን ሰውየውን አስቀድሞ ደጅ ያቆመዋል፤
‹ሁ› ብሎ ከዚያ ነው ቃሉን የሚቀበለው።»

ከኋላ ወንበር ምንይችል፣ ዲማ ቅኔ ቤት የከረመው፣
«የኔታ… ማለቴ ቲቸር፣ ይህማ የግእዝ ‹ዘ› ነው፤
ብእሲ ዘመጽአ። ምኑ ነው አዲስ የሆነው?»
ክፍሉ ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ። ሦስት ሌሊት የለፋሁበት
በአንዲት ፊደል አለቀ።

ወደ ኮማ ሸሸሁ።
«ዙሪያውን በኮማ ካጠርነው፣ ወንድም አንድ ብቻ ነው፤
ኮማ ከሌለ ግን ሌላም አለ ማለት ነው።»

ማታ ደብተር ሳርም፣ ቀይ እስክሪብቶዬን በትንፋሽ እያሞቅሁት፣
የአስረበብን ገጽ ገለጥሁት፦
«ማይ ብራዘር ሁ ሊቭስ ኢን ማርቆስ ድራይቭስ ኤ ባጃጅ።»
ኮማ የለውም። ወንድሟ አንድ እንደሆነ አውቃለሁ፤
መስከረም ላይ ሊያስመዘግባት መጥቶ አይቸዋለሁ።
ሁለት ኮማ ጨመርሁ፤ ከአሥር ስምንት ሰጠሁ።

በነጋታው መጣች፣ ደብተሯን በደረቷ ይዛ።
«ቲቸር፣ ኮማ ካለ፣ ሌላው የለም ማለት ነው?»
«አዎ።»
ዝም አለች። መስኮቱ ላይ ዝንብ ትንጫጫለች።
«እንግዲያው ያጥፉልኝ።»

ምላጭ አወጣሁ፤ ቀዩን ፋቅሁት በቀስታ።
የፊተኛው ኮማ ለቀቀ፤
በኋለኛው በኩል ወረቀቱ ሳስቶ ተበሳ፣
ከሥሩ የባለፈው ሳምንት ትምህርት ታየ።
አሥር ከአሥር ጻፍሁ። አንድም ነገር አልጠየቅሁ።

እሷ ግን ከበሩ ዞራ፣ በገዛ አማርኛችን፣
«ያ… በጥቅምት የወጣው፣
ስልኩ የማይነሣው፣
ካፖርቱ እስካሁን ከምስማሩ ያልወረደው፣
እናቴ ሳህኑን በየማታው የምታጥብለት፣
የኔን ደብተር በካርቶን የለበደው…»

ደወል ተደወለ።
አንገቴን አሰገግሁ፣ ትንፋሼን በጉንጬ ይዤ።