ዘንቢሉ በአግድም

እትዬ ደውለት ሦስተኛ ፎቅ ናት፣ እኔ ከሷ በላይ፤
ካይሮ ነው፣ ጠባብ ሰፈር፣ ከጎረቤት መስኮት ሌላ የማያሳይ።
ድሮ፣ ጠዋት በሦስት ሰዓት፣ ገመዷን ፈትታ
ዘንቢሏን ትሰድ ነበር፣ "መትወሊ!" ብላ ተጣርታ።
ሱቁ ከምድር ነው፤ ቀና ይላል ሰውዬው፤
ባቄላ፣ አይብ፣ አምስት ዳቦ፣ ሳትነግረው የሚያውቀው።
ክፍያው በወር፣ ጠቡ በቀን፤
እኔም ከላይ ሆኜ የምሰማው ይኸንን፦
"ይሄ ቲማቲም ነው?" "ታዲያ ምንድን ነው፣ እመቤቴ?"
"ሬሳ ነው፤ ቅበረው፤ እንዳይገባ ከቤቴ!"
"ቀባሪው ሄዷል፤ አንቺው ወርደሽ አልቅሺለት!"
ከዚያ ሁለቱም ይስቃሉ። ይኸው ነበር የሰፈሩ ሰዓት።
ሃያ ስምንት ዓመት ዘንቢሉ ወጣ፣ ወረደ፤
ገመዱ ሦስቴ ተበጠሰ፣ ቀልዱ ግን እንደሄደ ሄደ።

አንድ ቀን ቀይ ቀለም የያዙ ልጆች መጡ፣
ግንብ ላይ ቁጥር ጻፉ፣ ሻይ ጠጡ፣ ወጡ።
የመትወሊ ሱቅ ቁጥሩ አርባ አንድ ነበረ፤
በሳምንቱ ሱቁም ቁጥሩም አብሮ ተሰበረ።
አሁን በአዲሱ መተላለፊያ፣ ከመሬት በታች፣ ይላሉ፣
የስልክ ልባስ ይሸጣል፤ ደረጃው ስልሳ ነው አሉ።
የሷ ጉልበት ስልሳ አይወርድም፤ ሊፍታችንንም
ባሏ ዛኪ በሞተ ዓመት ቆሞ፣ ማንም አልቀሰቀሰውም።

ከዚያ አቧራ። ከዚያ ብረት። ከዚያ ሌሊት የሚያቃስት ማሽን።
ምሰሶው እንደ መንጋጋ በቀለ፣ ድዳችንን እያመመን።
መሐንዲሱ ወጣት ነው፣ ትሁት፤ ሜትሩን ወርውሮ
ከመንገዱ ጠርዝ እስከ በረንዳዋ ለካ፤ ደብተሩ ላይ አቀርቅሮ
"አንድ ሜትር ከስልሳ" አለ።
እሷም፣ "የዛኪ አልጋ ይሰፋ ነበር" አለችው፣ "ድሮ።"

አልዋሽም፤ እኔን መንገዱ በጅቶኛል፦
ሁለት ሰዓት የነበረው ጉዞዬ አርባ ደቂቃ ሆኗል፤
ከእንቅልፌም ያንኑ ያህል ቆርጦ ወስዷል።
እሷ ዘንድ ግን ዘንቢሉ ምስማር ላይ ከርሟል፤
የታጠበ አንሶላዋ ሳይደርቅ ጥላሸት ይለብሳል።

ባለፈው ሐሙስ ማታ መኪናው ሁሉ ቀጥ ብሎ ቆመ፤
አንድ አይሱዙ ከአንሶላዋ ጎን ቀረ፤ ሹፌሩ አዛጋ፣ ደከመ።
በሩ ላይ "ቡረዒ እና ልጆቹ" ይላል፤ ልጆቹ ግን የሉም።
"እናቴ፣ ከፊት ምን አለ?"
"ሁለት ታክሲ ተሳስመው ነው። አንተስ ምን ጭነሃል?"
"ቲማቲም። ከፋዩም።"

ዝም አለች። ገባች። የመጋረጃውን ዘንግ ነቅላ
ዘንቢሉን ጫፉ ላይ አሰረች፣ ጠምጥማ፣ ጠቅልላ፤
ዕድሜውን ቁልቁል የኖረውን ወደ ጎን ገፋችው፤
አየር ላይ ተንቀጠቀጠ፤ ሰውዬው በሁለት እጁ ተቀበለው፤
ሞላው። መለሰው።
አንዷን አነሳች፣ ወደ አምፖሉ፤ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ
"ይሄ ቲማቲም ነው?" አለች።
እኔ ከላይ ትንፋሼን ያዝኩ።
ሹፌሩ ደነገጠ፦ "ይቅርታ፣ እናቴ፤ ልቀይርልሽ።" እጁን ዘረጋ።

አልቀየረችም። ጥሩ ቲማቲም ነበር፣ ቀይ፣ ጠንካራ፤
መልሱን የሚያውቀው ግን ከመሬት በታች ነው፣
የስልክ ልባስ ዘርግቶ፣ ከማያውቀው ሰው ጋራ።

ጡሩምባ። መንገዱ ተከፈተ። "ሂሳብህ!" ብላ ጮኸች፤
"ሐሙስ!" አላት ከጭሱ ውስጥ፤ ዘንጓን ይዛ ቀረች።

ዛሬ ሐሙስ ነው። ገንዘቡን ዘንቢሉ ውስጥ፣ ጠጠር ጭናበት፣
በረንዳው ላይ ወጥታለች፣ አዲሱን ሻርፕ አድርጋለት።
መንገዱ ግን ነፃ ነው። እንዲህ ነፃ ሆኖ አያውቅም፤
መኪናው ሽው፣ ሽው ይላል፤ አንዱም ዞር ብሎ አያይም።
አይሱዙ በመጣ ቁጥር ዘንጉ ከፍ፣ ዘንጉ ዝቅ፤
እኔም ከላይ ተደግፌ፣ ዓይኔን ወደ ኩርባው ልኬ ስጠብቅ፣
ይቅር ይበለኝ፣ ሰው ሳይጎዳ፣ አንድ መብራት ብቻ ቢሰበር ብዬ
ሁለት ታክሲ እንዲሳሳሙ ተሳልኩ፤
እኔ፣ መንገዱ የበጀኝ ሰውዬ።