ቃጭል

ስሜ ልንገረው ነው፤ ነጋሪ መች አጣሁ፣ ጠፋብኝ መስሚያው፤
አሥራ ዘጠኝ ዓመት ያ ቢጫው ሎደሬ ጆሮዬን ሲበላው።

ከማርቆስ ከተማ ቁልቁለቱን ወርደህ፣ ዳገቱን ስትወጣ፣
ከውሰታ ማዶ ጢስ ካየህ በጠዋት፣ ያ ነው የኔ ጣጣ፦
የሀገሩ ልጣጭ፣ የሠርጉ ፌስታል፣ የሆቴሉ ትርፍ፣
ሲኖው እየመጣ ጀርባውን ሲያራግፍ፣
እኔ ስገፋ፣ ስከምር፤ ናፍጣው ሲያጓራ፣
ወንበሩ ሲነዝር ከወገቤ ጋራ።
በመዳፌ ነበር ሞተሩን የማዳምጥ፣
ፊልትሮው ሲታፈን፣ ፓምፑ አየር ሲውጥ።

ሚስቴ ውባየሁ ከደጅ ታስቆመኛለች፣
«አውልቀህ ግባ፤ ናፍጣ ናፍጣ ሸተትህ» እያለች።
እያለች መሰለኝ።
ከንፈሯ ነው ያለኝ።

ደግሞ የወረፋው! ሦስት ቀን ማደያ፣ በርሜል ተንተርሼ፣
የጮቄን ውርጭ በአንዲት ጋቢ ታግሼ፣
ቀጂው «አልቋል» ሲለኝ፣ በባዶ መመለስ፣
ቆሻሻው በበኩሉ አጥሩን አልፎ እስኪፈስ።

ኅዳር ላይ አዲሱ መጣ። ነጭ ነው፤ ጢስ መውጫም የለው።
አፍንጫ የሌለውን ፍጥረት ሰው እንዴት ይመነው?
ማታ ከግድግዳው በወፍራም ገመድ ተሰክቶ አደረ፤
እንደ ጥጃ መብራት ሲጠባ፣ ሲጠባ፣ ሲጠባ ነበረ።
የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው ብለን ተርተን፣
ዓባይን በሽቦ ለብረት አጠጣን።

አሠልጣኙ ይደነቃል፣ ጢሙ ገና ያልጠና፣
«አስነሣው» አለኝ። ቁልፉን ተጫንሁና
ጠበቅሁ። ወንበሩ ዝም። መሪው ዝም። መዳፌ ዝም።
ደግሜ ተጫንሁት። አሁንም ያው፣ ምንም።
ልጁ ሳቀ። «በርቷል እኮ!» ጣቱን ወደ መስታወት
ሲቀስር አየሁ፦ አረንጓዴ መብራት።

እንግዶቹ አጨበጨቡ። «እንዴት ያለ ጸጥታ!
የቁራው ክንፍ ይሰማል፣ የአብማ ደወል፣ የልጆች ጫወታ»
ይላሉ መሰለኝ። እኔ እዚያ ጸጥታ ቤት ሠርቼ ከገባሁ ስንት ዓመት ሆነኝ፤
እነሱ ዛሬ መጡ። «ቤት ለእንግዳ» ልላቸው ቃጣኝ።

እውነቱን ልናገር፤ ሳሌ ቀንሷል፣ አክታዬ ነጥቷል፤
ውባየሁ ከደጅ አታስቆመኝም፣ ልብሴ ልብስ ልብስ ይሸታል።
መብራት የሄደ ቀን ግን፣ እኔና እሱ ቆመን፣
ቀንበር እንደፈቱ በሬዎች እንተያያለን።

ጥር ላይ ነው። ይታይሽ፣ ፕላስቲክ ለቃሚዋ፣ ከክምሩ ሥር ጎንበስ፤
ድሮ ናፍጣው ሲያጓራ፣ ገና ከበሩ ስደርስ፣
ቀና ሳትል ገለል ትል ነበር፣ መንገዴን አውቃ፤
ያን ቀን ምን ይንገራት? ጠርሙስ ትለቅማለች፣ ከጆንያዋ ተጣብቃ።
ባልዲው ከጀርባዋ አንድ ክንድ ሲቀረው የነጠላዋን ጫፍ አየሁ።
ፍሬኑን ረገጥሁ።
ዞረች። አፏ ተከፈተ። ብዙ፣ ብዙ ተናገረች፤
ከንፈሯ እየተንቀጠቀጠ አላስነበበኝም እንጂ ነግራኝ ነበረች።
ስድብ ይሁን ምርቃት
እስካሁን አላውቃት።

በማግሥቱ መጣች። ከጥራጊው መሐል ያገኘችውን፣
የበቅሎ ቃጭል፣ ምላሱ ያልወለቀ፣ ዝገት የበላውን፣
ከባልዲው ክንድ ላይ በሲባጎ ቋጠረች። ይደነቃል ተቆጣ፦
«ይኼ እኮ ኮምፒውተር ያለው ማሽን ነው! በቅሎ መሰለሽ?» አለና መጣ።
እሷ እቴ! ቋጠሮውን ደገመች።
በጥርሷ አጠበቀች።

ይኸው እስካሁን አለ። ስነሣ ይጮኻል ይላሉ፤
የተጎነበሱት ሁሉ ገለል ገለል ይላሉ።
እኔ ሲወዛወዝ ብቻ አያለሁ።
ይታይሽ አንዳንዴ ጆንያዋን አስቀምጣ፣ ጣቷን ከጆሮዋ አድርጋ፣
«ይሰማል?» ትለኛለች።
ይቺን እንኳ ማንበብ አያቅተኝም።
ራሴን ነቅነቅ።
ቃጭሉም ነቅነቅ።