የደወሉ ላይ ስም

አሰላ ሳስተምር ስምንተኛ «ለ»ን፣
ጠመኔ ቆርሼ ስስል ካርታውን፣
«ሃምቡርግ» እል ነበር፣ «የወደብ ከተማ፣
ኤልበ ወንዝ ላይ ያለች» — የኋላው እንዲሰማ።
ለፈተናም ሁሌ አወጣት ነበር፤
ሁለት ማርክ ነበረች። ከዚያ ያለፈ ነገር
እኔ ዘንድ አልነበራትም።

ትርሲት ሥራ አገኘች፣ ሆስፒታል፣ የሌሊት፤
ውሉ መጣ በፖስታ፣ ማኅተም ያረፈበት።
«አንተስ ምን ልትሠራ?» አለኝ ዳይሬክተሩ፤
«ልከተላት» ስለው ሳቁ የነበሩ።
እኔም አብሬ ሳቅሁ፣ ሻይዬን ጨረስኩ፣
የካርታውን ክፍል ቁልፍ በፊርማ መለስኩ።

በገባን በሦስተኛው ቀን ጠፋሁ።
ሰሜንን በጥላ ለይቶ ያስተማረ ሰው፣
ጥላ በሌለበት በምን ይለየው?
ሰማዩ ግራጫ፣ በደንብ ያልጠፋ ሰሌዳ፣
ባቡሩ ከምድር በታች፣ መውጫው ሁሉ እንግዳ።
ያፌት እጄን ይዞ፣ ገና ስድስት ዓመቱ፣
«ቢጫው ነው የኛ» አለኝ፣ ጠቁሞ በጣቱ።
እውነትም ቢጫው ነበር።
ለእናቱ እንዳይነግር ቸኮሌት ገዛሁለት፤
ቸኮሌቱን በልቶ፣ ደረጃው ላይ ነገራት።

ለነዋሪነት መዝገብ ቁጥር ይዘን ዋልን።
ሴትዮዋ አራት ፓስፖርት ደርድራ አየችን፤
መነጽሯን አወለቀች፣ መልሳ አጠለቀች፣
«ደጉ። ተሰማ። ልጆቹ እንዳልካቸው» አለች፣
«አራት ሰው፣ ሦስት የቤት ስም። ቤተሰብ ናችሁ?»
ሐመልማል በእፍረት መሬት መሬት ስታይ፣
እኔ ግን ክፍል ውስጥ የገባሁ መሰለኝ፣
ጠመኔ ብቻ ነው እጄ ላይ የጎደለኝ፤
«የኛ ስም» አልኳት በሰባራ እንግሊዝኛ፣
«ከባል ወደ ሚስት፣ ወደ ጎን አይሄድም፤
እንደ ውኃ ቁልቁል ነው፣ ካባት ወደ ልጅ።»
አልገባትም መሰል። ግን ማኅተሟን አነሳች፣
ላፍታ አየር ላይ ይዛው ቆይታ አሳረፈች።

አራተኛ ፎቅ ነን፣ ሊፍት በሌለው ሕንፃ።
ታች በሩ ላይ ደወል፣ ከደወሉ አጠገብ
ስም የሚገባበት መስኮት፣ እንደ ጥፍር ጠባብ።
ሄር ቲደማን፣ ቱታ ለባሹ ኃላፊ፣
«አንድ ስም ብቻ» አላት፣ «የውሉን ስም ጻፊ።»
የኔ ስም በላቲን አሥራ አንድ ፊደል ነው፣
ከዚያ ቀዳዳ ውስጥ ማን አጥፎ ያግባው?
ደጉ ግን አራት ነው። ልክክ አለ።

አቶ ደጉ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣
ሦስቴ ሽማግሌ ልኬ ሦስቴ የመለሱኝ፣
«አስተማሪ ምን ሊያበላት? ካርታ?» ያሉኝ
የትርሲት አባት ናቸው።
ዛሬ የሳቸው ስም ደጄን ይጠብቃል፣
ፖስተኛው «ሄር ደጉ» ብሎ ይጠራኛል።
መጀመሪያ ሰሞን ዞር ብዬ አይ ነበር፣
ከዘራቸውን ይዘው ከኋላዬ የቆሙ መስሎኝ፤
አሁን «አቤት» እላለሁ። እፈርማለሁ።

እሑድ ምስማር መምታት ነውር ነው እዚህ አገር፤
መጋረጃ ስላልሰቀልን
መስኮቱ ላይ ያለው ብርድ ልብስ ነው።
ቀን ቀን ትርሲት ስትተኛ እኛ በሹክሹክታ እንኖራለን፤
ሐመልማል መታጠቢያ ቤት ገብታ፣ ቧንቧ ከፍታ፣
የጀርመንኛ ቃሏን ጮክ ብላ ታጠናለች።

ትናንት፣ ገና ሳይነጋ፣ ደወሉ ጮኸ።
ቁልፏን ረስታ ሄዳ ኖሯል። ማውሪያውን አንስቼ
«ማነው?» አልኩ።
ዝናቡ ተሰማኝ፣ መኪና አለፈ፣ ከዚያ ሳቋ፤
«ደጉ ነኝ» አለች።
ከፈትኩ። ሽማግሌ ላኩ አላልኳቸውም።
በሩን ገርበብ አድርጌ ጆሮዬን ሰጠሁ፤
እርጥብ ጫማ፣ አንደኛ ፎቅ፣ ትንፋሽ፣ ሁለተኛ፣
ቁልቁል ይወርዳል ያልኩት ስም
ሽቅብ ሲወጣ፣ ዳቦ ይዞ፣ ወደ እኛ።