ግምት

ደብተሬን ይዤ ወጣሁ፣ ሰኞ በማለዳ፣
የሰው ቤት ልገምት፣ ልመዝን የሰው ዕዳ።
ትእዛዙ አጭር ነው፣ ክብ ማኅተም አለበት፦
«ከአገር ውጭ ለተሰማራ የሠራዊት አባል
የቤተሰቡ ኪራይ በአካባቢው ዋጋ ተጠንቶ ይቅረብ፤
ግምቱ በግምት እንዳይሆን።»
ሁለት ጊዜ አንብቤ፣ ጎማዬን ነፋሁት።

ከሽምብጥ ጀመርሁኝ፦ አንድ ክፍል፣ የጭቃ፣
መብራቱ የጋራ፣ ውኃው በፈረቃ፤
ሹም አቦ ሁለት ክፍል፣ ሲሚንቶ የለበሰ፣
ኮርኒሱ በዝናብ ሆዱ የፈሰሰ፤
ወደ ሐይቁ ስጠጋ ዋጋው ይንራል፣
ጣናን የሚያይ መስኮት ለብቻው ይከፈላል።
«ትንኟስ ስንት ናት?» ብዬ ብጠይቅ ደላላውን
«እሷ ከነልጆቿ በነፃ» አለ፣ እየቧጠጠ ክርኑን።

ለማን እንደማጠና መናገር አልነበረብኝም፤
አንድ ቦታ ተሳስቼ «ውጭ ላሉት ነው» ብል
ያከራዩ ዓይን በራ፣ ዶላር ያየ ይመስል።
ሦስት ሺሕ ያለኝ ቤት አራት ሺሕ ተኩል ሆነ፣
እዚያው እንደቆምን ጭቃው ተለሰነ።

ድልድዩን ተሻግሬ አባይ ማዶ ስደርስ፣
ሸሚዜ ከጀርባዬ ተጣብቆ በላብ ሲርስ፣
የሃምሳ አለቃ ልየው ሚስት፣ ሙሉጎጃም፣
ከበርሜል ውኃ ትቀዳለች፤ ቀና ብላም አላየችኝም።
ትንሹ ልጅ ቀድሞ በሩ ላይ ጠበቀኝ፦
«አባቴን ፈልገህ ነው? አብዬ ቤት ነው» አለኝ።
አብዬ የሚሉት አገር መሆኑን ማን ነግሮት፤
አንድ ደግ ሽማግሌ፣ ጓሮ ቤት ያከራየው መስሎት።

ቅጹን ጉልበቴ ላይ ዘረጋሁት። ተራ ቁጥር ዘጠኝ፦
«አባሉ አሁን የሚኖርበት ቤት፤ ጭቃ፣ ብሎኬት፣ ጣውላ።»
«ድንኳን» አለች።
ለድንኳን ሣጥን የለውም። በኅዳጉ ጻፍሁላት።
«መኖሪያ ከቀረበለት ከአበሉ ይቀነሳል» የሚለውን
አንቀጽ ሳነብላት ድምፄን ዝቅ አደረግሁት።
«ታዲያ ያን ድንኳን ወደዚህ ይላኩት፣
ከነልጆቼ ልግባበት» አለች፣ ጣሳዋን ሳታስቀምጥ።

«ነዋሪ ስንት ነው?»
«አራት።»
ቆጠርሁ፦ እሷ፣ ልጁ፣ ጡት ያልጣለች ሕፃን።
ምስማር ላይ ኮት አለ፣ ብብቱ የላላ፣
ከበሩ ጀርባ ብስክሌት፣ ሰንሰለቱን ዝገት የበላ።
ያም ሆኖ ሦስት ናቸው። ሦስት ብዬ ልጽፍ ስል
እጄን ያዘችው፦

«እዚህ ግቢ ውኃ የሚከፈል በነፍስ ወከፍ ነው።
ወይዘሮ ጠጅቱ ‹ሄዷል፣ አልቆጥረውም› ብላኝ ነበር።
እኔ ነኝ እንቢ ያልሁ። ከውኃ ቁጥር ከወጣ
ከምን ላይ ይቆጠራል?
አሥራ አራት ወር ሙሉ ሠላሳ አምስት ሠላሳ አምስት ብር
እየከፈልሁለት ነው፣ አንድ ጣሳ ሳይጠጣ።»

ስመለስ ድልድዩ ላይ ነፋስ ደብተሬን ገለጠው፤
ከታች እምቦጭ ከሐይቁ ተገንጥሎ ቁልቁል ይሄዳል፣
ቤቱን እንደያዘ፣ ኪራይ ማንም ሳይጠይቀው።

ሐሙስ ዕለት ሻለቃው ቅጹን ይዘው ጠሩኝ፣
ተራ ቁጥር ዐሥርን በቀይ ከብበው አሳዩኝ፦
«ሦስት ስም ጽፈህ አራት ደምረሃል። አራተኛው ማነው?»
«ውኃ የሚከፈልለት ነው።»
መነጽራቸውን አወለቁ። «ስንት?»
«በወር ሠላሳ አምስት ብር።
ይቺ ግምት አይደለችም፣ ጌታዬ፤ ደረሰኝ አላት።»